«የልጅ ተረት ነው» ብለው መለሱልኝ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። አራት ሆነን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እየጠጣን ስላነበብነው እናወራለን። እነሱ ታሪክና ፍቅር ይወዳሉ፤ የኔ ነፍስ ግን ሳይንስ ልቦለድና ምናባዊ ታሪክ ላይ ነው። በቀደም ከሁሉ የምወደውን የአይዛክ አሲሞቭን «ፋውንዴሽን» አዋስኳቸው። ሦስቱም ሃያ ገጽ ሳይዘልቁ «ይሄማ የልጅ ተረት ነው» ብለው መለሱልኝ። በጣም ከፋኝ። እንግሊዝኛው ከብዷቸው ይሆን? የማንን ልስጣቸው?

መልስ

ወንድሜ፣ ቢከፋህ አይገርመኝም፤ የወደዱት መጽሐፍ ሲናቅ ያማል። ግን አሲሞቭ ለእነሱ መጀመሪያ አይሆንም። የአንድ ታላቅ መንግሥት ውድቀት በሒሳብ አስቀድሞ ይታወቃል የሚለው ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሰዎቹ ግን ሲያወሩ ይውላሉ እንጂ ልብ ውስጥ አይገቡም። ፍቅርና ታሪክ የለመደ አንባቢ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ሰው ነው።

በኡርሱላ ለግዊን ጀምር። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ምትሃት ስለሚማር የፍየል እረኛ ነው። በዚያ ዓለም እውነተኛ ስምህን ያወቀ ሰው ሥልጣን ይኖረዋል፤ ስለዚህ ከልብህ ለምታምነው ካልሆነ አትናገረውም። እኛስ «የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር፣ ይደገምብሃል» እየተባልን አይደል ያደግነው? ልጁ ለትምህርት ባሕር ሲሻገር እኔ የታየኝ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ ወይም ዲማ የወረደ የቆሎ ተማሪ ነው። እዚያም ከጓደኛው በልጦ ለመታየት ብሎ መጥራት የሌለበትን ጥላ ይጠራል፣ ጥላውም በየደሴቱ ያሳድደዋል። ይሄን የልጅ ተረት የሚል ሰው አይገኝም።

ታሪክ ወዳዱን ለኦክታቪያ በትለር ስጠው። «ኪንድሬድ» (1979 እ.ኤ.አ.) ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ አካባቢ የምትኖር ጥቁር ሴት በድንገት ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ትወሰዳለች። እንዴት እንደምትሄድ አይነገርህም፤ እዚያ ምን እንደሚደርስባት ግን አንድም ሳይቀር ታያለህ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድሬ ጨርሼዋለሁ።

እንግሊዝኛ ለሚከብደው ደግሞ ከናይጄሪያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደችውን የንኔዲ ኦኮራፎርን «ቢንቲ» እመርጣለሁ፤ በጣም አጭር ነው። የናሚቢያ የሂምባ ልጅ ገላዋን ቀይ አፈር ተቀብታ፣ ከቤተሰቧ ተደብቃ፣ ሌላ ፕላኔት ላይ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝም ብለህ አታውሳቸው። እሁድ ቡናው እስኪፈላ የለግዊንን የመጀመሪያ ምዕራፍ በአማርኛ እየተረክህ አንብብላቸው፤ ከዚያ መጽሐፉን ቀድሞ ለጠየቀህ ስጠው። ማን እንደሆነም ጻፍልኝ።