ኮርኒሱ ውስጥ የነበረው ማሞቂያ ተቆረጠ፤ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ሲያትል አጠገብ በ1966 እ.አ.አ. የተሠራ ቤት ገዛን። ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ስድስት ስፖት ላይት እንዲያስገባልን ከአንድ ያገራችን ልጅ ጋር በቃል ተስማማን። ሦስተኛውን ቀዳዳ ሲቆርጥ ብሬከሩ ወረደ። ለካ ማሞቂያው ኮርኒሱ ውስጥ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ አይሞቅም። እሱ ግን «የተደበቀ ነገር ከየት አውቃለሁ? ቀሪ ሂሳቤን ስጡኝ» ይላል። ሽማግሌ ገብቷል። ቤቱን የሸጠልንን ሰውስ መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ከክሱ በፊት አደራ የምላችሁ ነገር አለ። የዚያን ክፍል ብሬከር አታብሩት። ማሞቂያው ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበረ የሚግል የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 240 ቮልት ያልፍበታል። ማንም መጥቶ በቴፕ እንዲቀጥለውም አትፍቀዱ። የኤሌክትሪክ ደንቡ የማሞቂያ ገመድን ርዝመት መቀየር ይከለክላል። ገመዱ ካጠረ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፣ ከልክ በላይ ይግላል። ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። «የተደበቀ ነው፣ አላየሁም» ማለት ብቻውን አያድነውም። ዳኛው የሚጠይቀው ጥንቁቅ ባለሙያ በእሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ ቴርሞስታት አለ። ከግድግዳው ሥር ሂተር የለም፣ የሞቀ አየር መውጫም የለም። ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? በዋሽንግተን ግዛት ከግድብ የሚመጣው መብራት ርካሽ ስለነበረ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ የገባላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ የሚሠራ ሰው ሊጠረጥር ይገባ ነበር። ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጎ በሙቀት ካሜራ ቢያይ፣ የገመዱ መስመሮች ኮርኒሱ ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩት ነበር።

ስለዚህ ቀዳዳው ሳይደፈን ዛሬውኑ ፎቶ አንሱ። ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ቴርሞስታቱን፣ ባዶውን ግድግዳና የብሬከር ሳጥኑን ጽሑፍ ጭምር። ከፎቶዎቹ ሁሉ የምመካበት የቴርሞስታቱን ነው።

እናንተስ ታውቁ ነበር? ይህን በሐቅ መልሱልኝ። ሻጩ «ማሞቂያው ኮርኒስ ውስጥ ነው» ብሏችሁ ለሠራተኛው ሳትነግሩት ከቀራችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን በመቶኛ ያካፍላል። ካሳችሁም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ቀጥሎ ልጁ የተመዘገበ መሆኑን ኤል ኤንድ አይ ከሚባለው የግዛቱ የሠራተኛና የኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልጉ። ካልተመዘገበ ቀሪ ሂሳቤን ብሎ ሊከሳችሁ አይችልም፤ የግዛቱ ሕግ ይከለክለዋል። ከተመዘገበ ደግሞ ያስያዘው ቦንድ፣ ማለትም ደንበኛ ቢጎዳ ካሳ የሚከፈልበት ዋስትና፣ አለ። ለጠቅላላ ኮንትራክተር 30,000 ዶላር፣ በአንድ ሙያ ብቻ ለሚሠራ 15,000 ዶላር ነው። ቦንዱ ላይ ክስ የሚመሠረተው ቤቱ ባለበት ካውንቲ ሱፔሪየር ኮርት ነው፤ ሥራው ካለቀ ወይም ከተቋረጠ በ2 ዓመት ውስጥ። ልጁን ራሱን ብቻ ለመክሰስ ከሆነ እስከ 10,000 ዶላር ያለ ጠበቃ ስሞል ክሌምስ ወደሚባለው የአነስተኛ ክሶች ችሎት መሄድ ትችላላችሁ። መብራት መግጠም የራሱ የኤሌክትሪክ ላይሰንስና ፐርሚት እንደሚጠይቅም አትርሱ። ያለ እነዚህ ሠርቶ ከሆነ ክርክሩ ይበልጥ ይከብደዋል።

ሽምግልናውን አልቃወምም። እንዲያውም ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ግን ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ የይርጋ ጊዜ አይቆምም። የቃል ውል በ3 ዓመት ይታገዳል፣ ቦንዱ ከዚያም ይቀድማል። «በፋሲካ እንጨርሰዋለን፣ በመስቀል እንጨርሰዋለን» ሲባል ጊዜው ካለፈ ማንም አይመልስላችሁም። ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ ገንዘቡና የሚከፈልበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ።

በሻጩ ላይ ብዙ ተስፋ አላደርግም። ሻጭ ለገዢ በሚሰጠው የቤት ሁኔታ መግለጫ፣ ፎርም 17 በሚባለው፣ ላይ የሚሞላው የሚያውቀውን ብልሽት ነው። የኮርኒስ ማሞቂያ ደግሞ በራሱ ብልሽት አይደለም። ቤቱን ስትረከቡ ይሠራ ነበር። እየተበላሸ መሆኑን እያወቀ ደብቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር።

የካሳው መጠን የሚሰላው በመጠገኛው ዋጋ ነው። መጠገን ካልተቻለ ለሳሎኑ ሌላ ማሞቂያ ማስገቢያው ይታሰባል። ላይሰንስ ካላቸው ሁለት ኤሌክትሪሻኖች የዋጋ ግምት በጽሑፍ ተቀበሉ። ኮርኒሱ ሻካራ ቅብ ካለው፣ እንደገና ከመቆረጡ በፊት አስቤስቶስ እንዳለበት አስመርምሩ። በዚያ ዘመን ቤቶች ውስጥ የተለመደ ነበር፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳል።

የቀሩት ሦስት መብራቶች ይቆዩ። ደንቡ እንዲህ ያለው መብራት ከማሞቂያው ገመድ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ይፈልጋል። መስመሮቹ በካሜራ ታይተው ያን ያህል ቦታ ካልተገኘ፣ ሳሎኑን በቁም መብራት አብሩት።