መልስ፦ የማር መሸጫ ገጼን ሰው ማየት ለምን አቆመ?

ገጽህ አልታገደም። ከቡሬ የምትለጥፈው ማስታወቂያ ከብዙ ተከታዮችህ ለጥቂቶቹ ብቻ የሚደርሰው ፌስቡክ ደንቡን ስለቀየረ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከንግድ ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ጽሑፍ እንደሚቀድም ኩባንያው አስታወቀ።

ስለዚህ፦

1. ቋሚ ደንበኞችህ ገጽህን ፌስቡክ ጽሑፋቸውን አስቀድሞ ከሚያሳያቸው ገጾች፣ ማለትም ከ«ተወዳጆች» ዝርዝራቸው ውስጥ እንዲያስገቡት ጠይቃቸው።

2. ዋጋ ብቻ አትለጥፍ። ማሩ የት አካባቢ እንደተቆረጠ፣ ነጩ ከቀዩ በምን እንደሚለይ ጻፍ። ሰው ይጠይቅሃል፤ ለእያንዳንዱ ስሙን ጠርተህ መልስ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ መድረኩ የሚያስቀድመው ሰዎች የሚነጋገሩበትን ጽሑፍ ነውና።

አደራህን፣ «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ» እያልህ አትለምን፤ እንዲህ ያለውን ልጥፍ ዝቅ እንደሚያደርግ ኩባንያው በዲሴምበር 2017 አስታውቋል። ተከታይ እሸጥልሃለሁ ለሚልህም ብር አትክፈል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቃቸው ነጋዴዎች በገንዘባቸው ያገኙት አገሩ የማይታወቅ፣ አንድ ኪሎ ማር የማይገዛ የስም ክምር ነው። ደንቡ ነገም ሊቀየር ስለሚችል የደንበኞችህን ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ በደብተር መዝግብ።