የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የረባሾቹን ቡድን ያቀና መምህር በእውን ነበረ?

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ከልጆቼ ጋር አንድ የጃፓን ተከታታይ ድራማ ተመልክቼ ነበር። ድራማው በጠብ ምክንያት ከውድድር ስለታገደ የቤዝቦል ቡድን ይተርካል፤ ሲጋራ የሚያጨሱና መምህር የማይሰሙ ወጣቶችን አንድ አዲስ መምህር መጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳ ይመልሳቸዋል፣ «ኮሺየን» ወደሚባለው ታላቅ ውድድርም ያደርሳቸዋል። ታሪኩ ልቤን ነክቶታል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳወራው ግን አንድ ባልደረባዬ «ይህ ተረት ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ የሚመለሰው በዱላ ብቻ ነው» አለኝ። ለመሆኑ ጥቂቶች ባጠፉት ቡድኑ ሁሉ ይታገዳል? እንዲህ ያለ መምህርስ በእውን ነበረ? ከነበረ ምን አድርጎ መለሳቸው? ስንት ጊዜስ ፈጀበት?
መምህሩ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ባልደረባዎ በአንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ ድራማው ዓመታት የፈጀውን ሥራ በጥቂት ወራት ጠቅልሎ ያሳያል። ነገሩ ራሱ ግን ተረት አይደለም፤ ጃፓን ውስጥ ተደርጓል፣ ያደረጉትም ሰዎች በስም ይታወቃሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልጀምር። ኮሺየን በሂዮጎ ክፍለ ሀገር፣ በኒሺኖሚያ ከተማ የሚገኝ፣ በ1924 የተከፈተ ስታዲየም ስም ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ውድድር የተጀመረው ስታዲየሙ ከመሠራቱ በፊት፣ በ1915፣ በ10 ትምህርት ቤቶች ነበር። ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ በሚደረገው ማጣሪያ ከ3,000 የሚበልጡ ቡድኖች ይሳተፋሉ፤ በኦገስት ወር ወደ ኮሺየን የሚደርሱት ግን 49 ብቻ ናቸው። ከማጣሪያው ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ጥሎ ማለፍ ስለሆነ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሦስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ አንድ ልጅ በዕድሜው የሚያገኘው የኦገስት ውድድር ከሦስት አይበልጥም፣ አንዱ በእገዳ ካለፈበትም የሚተካለት የለም።

እገዳውም እውነት ነው። የተማሪዎች ቤዝቦል የራሱ ቻርተርና የራሱ የዲሲፕሊን አካል አለው፤ ማጨስ፣ መጠጣት፣ ጠብና ታናናሾችን ማሠቃየት ለቡድኑ ሁሉ ሊተርፉ ይችላሉ። በ2005 የኮቺ ክፍለ ሀገር ማጣሪያ አሸናፊ የሆነው ቡድን፣ ተጫዋቾቹ ማጨሳቸውና በመካከላቸው ጠብ መፈጠሩ በመታወቁ፣ ውድድሩ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወጥቶ በፍጻሜው የተሸነፈው ቡድን በቦታው ገብቷል። በ2025 ደግሞ አንድ ስመ ጥር የሂሮሺማ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ጨዋታውን ካሸነፈ በኋላ፣ በተጫዋቾቹ ማደሪያ ቀደም ሲል ታናሽ ተማሪ ተደብድቧል የሚለው ጉዳይ በአደባባይ በመነሣቱ፣ ከውድድሩ መሀል ራሱን አግልሏል። አንዱ ባጠፋው ሌላው እንዳይቀጣ የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ በቅርብ ዓመታትም ቅጣቱ ወደ አጥፊው ግለሰብ እንዲያተኩር ጥረት ተደርጓል። እኔም ከእነዚህ ተከራካሪዎች ጋር ነኝ፤ ማለዳ ተነሥቶ ሜዳ ሲጠርግ የኖረ የ17 ዓመት ልጅ በሌላው ሲጋራ መቀጣቱ ፍትሕ አይመስለኝም።

ለእነዚህ ልጆች ኮሺየን ምን ማለት እንደሆነ አንድ ነገር ላሳይዎ። ተሸናፊዎቹ ከሜዳው ከመውጣታቸው በፊት ተንበርክከው የሜዳውን ጥቁር አፈር በእጃቸው እየዛቁ በትንሽ ከረጢት ይይዛሉ፤ ብዙዎቹ እያለቀሱ ነው። በ1958 ከኦኪናዋ ደሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው የሹሪ ትምህርት ቤት ቡድን በመጀመሪያ ጨዋታው ተሸነፈ፤ ልጆቹም እንደሌላው ሁሉ አፈራቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ኦኪናዋ ግን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ስለነበረች አፈሩ እንደ ውጭ አገር አፈር ተቆጠረ፤ በዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ መሠረትም ደሴቲቱ እንደ ደረሱ ተወስዶ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ወሬውን የሰሙ የአየር መንገድ አስተናጋጆች ከኮሺየን አካባቢ የባሕር ዳርቻ ጠጠር ለቅመው ለልጆቹ ላኩላቸው፤ ጠጠሮቹ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ በቆመ መታሰቢያ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ ሜዳ የታገደ ልጅ ምን እንደተወሰደበት እርስዎ፣ የስፖርት መምህር፣ ከእኔ ይልቅ ይረዱታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ረባሽ የተባለ ቡድን በመምህር ስለመለወጡ ጃፓኖች ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሡት የቤዝቦልን ሳይሆን የራግቢን ታሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ በኪዮቶ ከተማ የነበረው የፉሺሚ ቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህሩ ዮሺሃሩ ያማጉቺ ይባላሉ። ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ ሰው ሲሆኑ፣ በ1974 በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ወደዚያ ሲመደቡ ትምህርት ቤቱ በጠብና በሥርዓት አልበኝነት በከተማው ሁሉ ስሙ የጠፋ ነበር። በዓመቱ የራግቢ ቡድኑን ተረከቡ። ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ አሰልጣኝ ሲመጣ ልጆቹ በደስታ የሚቀበሉት ይመስል ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ሸሹት፣ ልምምድም ትተው ሄዱ።

በ1975 ፉሺሚ በኪዮቶ ውድድር ከጠንካራው ሃናዞኖ ትምህርት ቤት ጋር ተጋጠመና 112 ለ 0 ተሸነፈ። ያማጉቺ ከሜዳው ዳር ቆመው ያሰቡትን ከዚያ በኋላ በአደባባይ ብዙ ጊዜ ተናግረዋል፤ ነገሩ በዚህ ሐሳብ ላይ ስለሚንጠለጠል ጠጋ ብለን እንየው። ጨዋታው ሲጀመር በልጆቹ ላይ ተናድደው ነበር፤ ሳይጥሩ፣ ሳይታገሉ ሲሸነፉ ማየት ለእርሳቸው ውርደት ነበር። ነጥቡ እየበዛ ሲሄድ ግን ከእኔ ይልቅ በዚህ ሜዳ ላይ የቆሙት ልጆች ምን ያህል አፍረው ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባቸው፤ ቀጥሎም እኔ ለእነዚህ ልጆች እስከ ዛሬ ምን አደረግሁላቸው ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። መልሱ ምንም የሚል ሆነ። የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ነበርኩ፣ መምህር ነኝ፣ አሰልጣኝ ነኝ እያሉ በማዕረግ ብቻ ሲቆሙባቸው እንደነበር ገባቸው። ከጨዋታው በኋላ ልጆቹን ሰብስበው ሲያነጋግሯቸው፣ ግድ የላቸውም የተባሉት ወጣቶች አለቀሱ። ጃፓኖች ይህን ስሜት «ኩያሺ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ቁጭትና እልህ ሲደመሩ የሚሰጡት ነው። ሃናዞኖን እናሸንፋለን ብለው የተነሡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። በዓመቱም ያንኑ ቡድን አሸነፉ።

ምን አድርገው ነው ብለው ለጠየቁት፣ መልሱን ለማግኘት የጃፓን ትምህርት ቤት ክበብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። ክበቡ ከክፍል በኋላ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅዳሜና እሑድ ጭምር ይሠራል፤ ስለዚህ ኃላፊ የሆነው መምህር ከልጁ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ብዙ ወላጆች ከሚያሳልፉት ይበልጣል። ልጆቹ ሜዳው ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ለሜዳው እጅ ይነሣሉ፤ ቤዝቦል ከሆነ ደግሞ ከልምምድ በኋላ «ቶምቦ» (የውኃ ተርብ) ብለው በሚጠሩት ሰፊ የእንጨት መጥረጊያ አፈሩን አስተካክለው፣ ኳሱን ወልውለው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። መምህር የተማሪን ቤት መጎብኘቱም በአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ያማጉቺ አዲስ መሣሪያ አልፈጠሩም፤ ያለውን እስከ ጥጉ ተጠቀሙበት እንጂ። በኪዮቶ ወጣቶች ዘንድ በጠብ ስሙ የሚያስፈራ አንድ ልጅ ነበር፤ ምሳ ይዞ እንደማይመጣ ሲያዩ ከቤታቸው የሩዝ ምግብ ይዘውለት ይመጡ እንደነበር እስከ ዛሬ ይተረካል። ያ ልጅ ከቡድኑ ዋና ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ በኋላም ራሱ መምህርና የራግቢ አሰልጣኝ ሆኗል።

ቡድኑ ሲታረም ስሙም አብሮ ተለወጠ። ወደ ሃናዞኖ ትምህርት ቤት ሊገባ የነበረው ባለ ተሰጥዖው ሴይጂ ሂራኦ ሐሳቡን ቀይሮ ፉሺሚን መረጠ፤ አምበልም ሆነ። በጃንዋሪ 1981 በተደረገው የአገር አቀፍ ፍጻሜ ፉሺሚና አንድ የኦሳካ ትምህርት ቤት 3 ለ 3 ሆነው መደበኛው ሰዓት አለቀ፤ በባከነው ሰዓት የፉሺሚ የክንፍ ተጫዋች ኳሷን በማዕዘኑ ይዞ ገባና ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚው የጎል መስመር አሳልፎ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ትራይ በዚያን ጊዜ 4 ነጥብ ስለነበረ ጨዋታው 7 ለ 3 አለቀ። ከ112 ለ 0 እስከዚያ ቀን ድረስ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ሂራኦ ከዚያ በኋላ በሦስት የዓለም ዋንጫዎች ለአገሩ ተጫውቷል፤ በ1999ም የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበር።

ስለ ዱላ የተነሣውን ሳልመልስ ላልፍ አልችልም፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ድራማዎቹ ራሳቸው በደል አለባቸው። መምህሩ እያለቀሰ ልጁን በጥፊ ሲመታ፣ ልጁም ያንን እንደ ፍቅር ሲቀበል ያሳያሉ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን መምታትን እንደ ማሠልጠኛ የቆጠሩ የጃፓን አሰልጣኞች ብዙ ነበሩ፤ የአገሩ የትምህርት ሕግ ግን ከ1947 ጀምሮ በተማሪ ላይ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል። ልማዱ ያስከተለውን ጃፓን በመራራ መንገድ ተምራዋለች፤ በዲሴምበር 2012 በኦሳካ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል የነበረ ተማሪ አሰልጣኙ ደጋግሞ ከደበደበው በኋላ ሕይወቱን አጠፋ፣ በተከታዩም ዓመት የአገሪቱ የስፖርት ተቋማት በስፖርት ውስጥ ጥቃትን የሚያወግዝ መግለጫ በጋራ አወጡ። በእኛም አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ይህን ለባልደረባዎ በአክብሮት ቢያስታውሷቸው ጥሩ ነው። የፉሺሚን ልጆች ቀድሞም ብዙ ሰው መትቷቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ጠባቸውን ያሳደገውም አንዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። 112 ለ 0 ከተሸነፉበት ቀን በፊት ያልነበረው አዲስ ነገር ሽንፈታቸውን የራሱ ጥፋት አድርጎ የወሰደ ትልቅ ሰው መገኘቱ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው ጥያቄዎ ከቤዝቦሉ ዓለም አንድ ሰው ልጥቀስ። ፉሚያ ጹታ በቶኩሺማ ክፍለ ሀገር፣ በተራሮች መካከል በምትገኘው የኢኬዳ ከተማ መምህር ነበሩ። የእርሳቸው ልጆች ረባሾች ሳይሆኑ ከገጠር የመጡ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ልጆች ነበሩ። ጹታ ቡድኑን የተረከቡት በ1952 ነው፤ ፍላጎታቸውም የተራራ ልጆች አንድ ጊዜ እንኳ ሰፊውን ባሕር እንዲያዩ ማድረግ እንደነበር ተናግረዋል። በየዓመቱ በማጣሪያው ይወድቃሉ፣ በየዓመቱ ሦስተኛ ዓመቶቹ ይሰናበታሉ፣ አዲሶች ይመጣሉ፣ መምህሩ እንደገና ከኳስ አያያዝ ይጀምራሉ። ከኦገስቱ ሌላ በዚያው ስታዲየም በማርች ወር በሚደረገው የጸደይ ውድድር፣ በ1974 በ11 ተጫዋቾች ብቻ ኮሺየን ደርሰው ሁለተኛ ሲወጡ አገሩ ሁሉ ወደዳቸው፤ በ1982 የኦገስቱን፣ በ1983 ደግሞ የጸደዩን ዋንጫ ወሰዱ።

ኢኬዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሺየን የገባው ግን በ1971 ነበር፤ ጹታ ሥራውን በጀመሩ በ19ኛው ዓመት ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያሠለጠኗቸው ልጆች በዚያን ጊዜ ከ34 እስከ 37 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ሆነው ነበር።