ልጄ በውድቅት ሌሊት በረዶ ትለቅማለች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኒው ዮርክ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ አጠገብ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ሜትሮሎጂ ትማራለች። ዘንድሮ የበረዶ ውሽንፍር ስለሚያመጣው ደመና ጥናት ጀምሬያለሁ ብላ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር በውድቅት ሌሊት ጥቁር ጨርቅ ይዛ ትወጣለች። ደመና ውስጥ ያለ ውሃ ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ላይ እንኳ ሳይረጋ ይቆያል ትለኛለች። እኔ ፍሪዘር ውስጥ የማስቀምጠው ውሃ እስኪነጋ ድንጋይ ይሆናል። ነርስ ብትሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለመሆኑ ይሄ ትምህርት እንጀራ ይሆናታል?
የልጅ እናት

መልስ፦ እትዬ፣ የዓምዱ አዘጋጅ ጥያቄዎን ለእኔ የሰጠችኝ ያንኑ ትምህርት ስለምማር ነው። አራተኛ ዓመት ነኝ። የእኔም እናት በር ላይ ቆማ «ኧረ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» ስትለኝ ሦስት ክረምት አልፏል።

ከፍሪዘሩ ልጀምር። ልጅዎ የምታጠናው እርስዎ የጠየቁትን ነው። ውሃ ለመርጋት ብርድ ብቻ አይበቃውም፤ መነሻ የሚሆነው ነገር ይፈልጋል። አቧራ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ከቅጠል ላይ የተነሳ ባክቴሪያ። ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጡት ውሃ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋውም። የደመና ጠብታ ግን የሚሊሜትር ሃምሳኛ ያህል ናት። ለመርጋት የሚያግዛት ብናኝ እሷ ውስጥ የመግባቱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ምንም ከሌለባት ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ድረስ ውሃ እንደሆነች ትቆያለች።

ይሄ ነገር አንድ ጊዜ በግልጽ የታየው ደግሞ ቤት ውስጥ በምንጠቀምበት ዓይነት ፍሪዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946፣ ከእናንተ የጥቂት ሰዓት መንገድ በሆነችው ስከነክተዲ፣ ቪንሰንት ሼፈር የሚባል የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪ የፍሪዘሩን ውስጥ በጥቁር ቬልቬት አለበሰው። ከዚያ እየተነፈሰበት ደመና ይሠራል። ደመናው ከዜሮ በታች ቢወርድም አልረጋ አለው። በጁላይ ወር አንድ ቀን ይበልጥ እንዲቀዘቅዝለት ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ጨመረበት። ወዲያው ደመናው በሚያብረቀርቁ ጥቃቅን በረዶዎች ተሞላ። ሼፈር ሥራ የጀመረው በማሽን ሠራተኛነት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰም። እኔ ይሄን ሰው በጣም እወደዋለሁ።

ደመና ውስጥ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ስትፈጠር በዙሪያዋ ያሉት ጠብታዎች ይተናሉ፤ እሷ ደግሞ በእንፋሎታቸው ትወፍራለች። በመንገዷ ያገኘቻቸው ጠብታዎች ደግሞ ሲነኳት እላይዋ ላይ ይረጋሉ። ምን ያህሉ ተነነ፣ ምን ያህሉ ተጣበቀ የሚለው ነው በረዶው እንደ ጥጥ የቀለለ ወይም አካፋ የሚሰብር እንዲሆን የሚያደርገው። ያልረጋው ውሃ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ሲረጋ ደግሞ አደጋ አለው። ናሳ ከ2020 እስከ 2023 ድረስ ለዚህ ጥናት ሁለት አውሮፕላን አሰማርቶ ነበር። አንዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ታች ያያል፣ ሌላው ደመናው ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ ሆነው ፊኛ የሚለቁ ተማሪዎችም ነበሩ።

ጥቁሩ ጨርቅ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጨርቁን ከሞቀ መኪና አውጥቼ ዘረጋሁት። ያረፈበት በረዶ ሁሉ ውሃ ሆነ፤ የዚያ ሌሊት ሥራዬም ጠፋ። አሁን ቀደም ብዬ ውጭ አሳድረዋለሁ፤ በአጉሊ መነፅር ሳይ ትንፋሼን ወደ ጎን አደርጋለሁ። ስድስት ቅርንጫፍ ያላት ኮከብ ካገኘሁ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ እንዳደገች አውቃለሁ። መርፌ የመሰለችው ከዜሮ በታች 5 አካባቢ ነው ያደገችው። የትኛው ቅርጽ በስንት ዲግሪ እንደሚያድግ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ያወጣልን ጃፓናዊው ተመራማሪ ናካያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሆካይዶ ላይ፣ ጥንቸል ፀጉር ጫፍ ላይ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የበረዶ ቅንጣት አሳድጎ።

አንዳንዷ ኮከብ ደግሞ ነጭ ጤፍ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ያ ጤፍ የመሰለው ነገር ልጅዎ የነገረችዎት ያልረጋው ውሃ ነው። ነክቷት ረግቶ ነው።

አገር ቤትም አለ። አዲስ አበባ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ የሚያድገው በእነዚሁ ጠብታዎች ነው። እኛ ያንንም፣ ይሄንንም፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለውንም «በረዶ» ስለምንል ከእናቴ ጋር ሳንግባባ የቀረንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ እንጀራው እውነቱን ልንገርዎት። እንደ ነርስ ዛሬ ተመርቆ ነገ የሚቀጠሩበት አይደለም። ግን ሥራ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ይቀጥራል፤ የመንግሥት ስለሆነ ዜግነት ይጠይቃል። አየር መንገዶችና የመብራት ኩባንያዎችም የሜትሮሎጂ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ምርምር ላይ መቆየት ከፈለገች ማስተርስ ያስፈልጋታል። አሁኑኑ ልታደርገው የሚገባው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጥበትን የበጋ ምርምር መጠየቅ ነው። ክፍያ አለው፤ ግሪን ካርድም ይበቃል። ማመልከቻው በአብዛኛው ገና በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ አትዘናጋ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። በሚቀጥለው ጊዜ በረዶ ሲጥል ጋቢዎን ደርበው አብረዋት ይውጡ። መነፅሩን ተቀብለው ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉና፣ «ያ ጤፍ የመሰለው የቱ ነው?» ይበሏት።