በጀርባው ቢተኛ ትን ይለው ይሆን?

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ወሩ ነው። ጠብቶ በጨረሰ ቁጥር ያቀረሻል። ሌሊት በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ ትን ይለዋል ብዬ ስለምፈራ በሆዱ ነው የማስተኛው። እናቴም እኛን እንደዚያ ነው ያሳደገችን። ከታላቁ የተረፈ የትውከት ሽሮፕ ሦስት ቀን ሰጠሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ለቅርሻቱ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቅርሻቱ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን «እኔ ተኝቼ ትንፋሹ ቢቆምስ?» የሚለው ይመስለኛል። ከእሱ ልጀምር። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በጀርባው ያስተኙት።

ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ነው። የተመለሰው ወተት አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ወተቱ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዲህ ትን የሚለው በየትኛው ነው? ጤነኛ ሕፃን ደግሞ ቅርሻት ሲመጣበት ወይ ይውጠዋል፣ ወይ ያስለዋል።

እናትዎን አልወቅስም። በእሳቸው ጊዜ በብዙ አገር ሐኪሞች ራሳቸው «በሆዱ አስተኙት» ይሉ ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በኒውዚላንድና በእንግሊዝ ተመራማሪዎች በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሞቱ ሕፃናት እንዴት ተኝተው እንደነበር መረመሩ። በሆዳቸው የሚተኙት ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ወላጆች ልጆቻቸውን በጀርባ እንዲያስተኙ ዘመቻ ጀመሩ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ድንገተኛው ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ትን ብሏቸው የሚሞቱትስ? አልጨመሩም። አንዳንዱ «በጎኑስ?» ይለኛል። በጎኑም አይሆንም፤ ተንሸራቶ በሆዱ ይገለበጣል። ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ትራስ አያስፈልገውም። እስከ አንድ ዓመቱ እንዲህ ነው። ራሱ ወዲያና ወዲህ መገላበጥ ሲችል ግን እየተነሱ አይመልሱት፤ እርስዎም ይተኙ።

ሽሮፑ ግን አናደደኝ። ሦስት ቀን! ለታላቁ የታዘዘ መድኃኒት ለሁለት ወር ሕፃን አይሰጥም። አንዳንዱ የትውከት መድኃኒት ሕፃን ያደነዝዛል፣ ያለፈቃዱ ሰውነቱን ያንቀጠቅጠዋል። አሁኑኑ ያቁሙት። ጠርሙሱን ይዘው ልጁን ያስመርምሩ። ከፈዘዘብዎት ወይም ከተንቀጠቀጠ ነገ አይበሉ።

ቅርሻቱ ራሱ? ደህና ከጠባ፣ ኪሎው ከጨመረ፣ ሽንቱን እንደ ልቡ ከሸና የልብስ አጠባ ጣጣ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ከጠባ በኋላ ያስገሱት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀና አድርገው ይያዙት። አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይተዉታል።

የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ ግን የምለው ሌላ ነው። አንጀት ሲጠማዘዝ ትውከቱ እንዲያ ይሆናል፤ የሚቆጠረውም በሰዓት ነው። ጡት አይስጡት፣ አያስገሱት፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። የቆሸሸውን ጨርቅ ይዘው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።