ኢ ፍላት ሜጀርን አትሽሺው

በሐዋሳ የሂሳብ አያያዝ ትምህርትሽን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀረሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኪቦርድ ላይ ሁሉንም ዘፈን በሲ ሜጀር፣ ማለትም ከሲ ተነስቶ በነጭ ቁልፎች ብቻ በሚሄደው ስኬል (የድምፆች መሰላል) ትጫወቻለሽ፤ የቀረውን ትራንስፖዝ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የኪቦርዱ ቁልፍ፣ ይሠራልሻል። አንድ የሆቴል ባንድ ሲፈትንሽ ሳክስፎኒስቱ «ኢ ፍላት» ብሎ፣ ከኢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ከሚለው ጥቁር ቁልፍ ጀመረ፤ መሐል ላይ ወደ ኤፍ ሲሻገሩ እጅሽ ቆመ። «ጆሮዬ ጥሩ ነው፤ ስኬል ማጥናት የግድ ነው?» ብለሻል።

የግድ ነው። ዕድሜዬን በባንድ ውስጥ ኪቦርድ ስጫወት የኖርኩ በመሆኔ እዚህ ላይ የማለሳልሰው ነገር የለኝም። ሳክስፎኒስቱ ኢ ፍላትን የመረጠው ሊያስጨንቅሽ አይደለም። አልቶ ሳክስፎን ሲ ሲነፋ የሚሰማው ኢ ፍላት ነው፤ አንቺ በሲ እንደሚቀልሽ ለእርሱም የሚቀለው ያ ነው። ትራምፔት ተጫዋቹ ያንኑ ድምፅ በራሱ መሣሪያ አጠራር በኤፍ ይጫወተዋል። የትንፋሽ መሣሪያ ካለበት ባንድ ጋር ፍላት ሸሽተሽ የትም አትደርሺም።

ደግሞም ግማሹን ታውቂዋለሽ። ኢ ፍላት ሜጀር ሦስት ፍላት አለው፦ ቢ፣ ኢ እና ኤ። ከውስጡ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት እና ሲን ብቻ ብታስቀሪ ትዝታ ሜጀር የሚባለው የእኛው ቅኝት ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሲ ተነስተሽ ስትጫወቻቸው ባቲ ማይነር የሚባለው ሌላው ቅኝት ይሆናሉ፤ ሲ ማይነር የኢ ፍላት ሜጀር የሥጋ ዘመድ ነውና፤ ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፣ መነሻቸው ብቻ ይለያል። ኢ ፍላት ማይነር ግን መነሻው አንድ ቢሆንም ስድስት ፍላት ያለው ሌላ ስኬል ነው፤ አታምታቺው። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከጂ ፍላት ጀምረሽ ብትነካኪስ? አሁንም ትዝታ ሜጀር! ትራንስፖዙን ዜሮ ላይ አድርጊና የለመድሽውን አንድ ትዝታ በኢ ፍላት፣ በቢ ፍላት እና በኤፍ ተጫወቺው፤ መጀመሪያ በግራ እጅ ቤዙን ብቻ።

አባትሽ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» እያሉ በዘመድ ሠርግ ሁሉ በነጻ ያስጫውቱሻል። ሙያውን የናቀ ሰው በነጻ ሊገለገልበት አይገባም፤ ከእንግዲህ ክፍያ ጠይቂ፣ ለአጎትሽም ቢሆን።

ለአዲስ ኪቦርድ አትበደሪ። ትምህርትሽን አቋርጠሽ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ማሰብሽንም አልደግፍም፤ መድረክ ላይ ያደግኩ ስለሆንኩ ይሆናል። ዲግሪሽን ጨርሺ፤ ለባንዱ መሪ ግን አሁኑኑ ደውለሽ ዘፈኖቹን በየትኛው ስኬል እንደሚጫወቷቸው ጠይቂና እንደገና እንዲፈትንሽ ቀን አስይዢ።