ጸደይን በክረምት ጀምሩት

ልጆቼ፣

እዚህ ቀይ ባሕር ዳር፣ የእስራኤል ከተማ ኤላት ስትመጡ ሆቴልና መዋኛ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም እዚሁ ከተማ ስንት ዓመት በነርስነት ስሠራ ቀና ብዬ ወፍ አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኔ የተገለጠው ጡረታ ስወጣ ነው።

ወፍ ማየት የጀመርኩት ግን ያለ ወሩ ነው። ሰው ሁሉ «በማርች ነው የሚያምረው» ሲል በማርች ሄድኩ። ሰማዩ ጭልፊት በጭልፊት ነው፣ ቁጥቋጦው ይንጫጫል። የቱ አላፊ እንግዳ፣ የቱ የቤት ልጅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እኔ እንኳ ማወቅ ነበረብኝ። ዋርድ ውስጥ የበሽተኛው የትናንት ሙቀት ካልተጻፈ የዛሬው ምን ይነግራል?

ስለዚህ በዲሴምበር ጀምሩ። አንድ ቦታ ምረጡና በየሳምንቱ እዚያው ተመላለሱ። የእኔ ከከተማው በስተሰሜን ያሉት የጨው ኩሬዎች ናቸው። ፍላሚንጎዎች አንገታቸውን ዘቅዝቀው ውኃውን ሲያጣሩ አያለሁ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር እወርዳለሁ። እዚያ ራሷ ጥቁር፣ ዓይኗ ዙሪያ በነጭ የተኳለች የምትመስል የባሕር ወፍ አለች፤ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውጭ እምብዛም አትገኝም። በጃንዋሪ የሚያሰለች ጠዋት ይኖራል። ይሰልቻችሁ። ደብተራችሁ ላይ «ዛሬ አዲስ የለም» ብላችሁ ጻፉ።

ፌብሯሪ ላይ ንስሮቹ ሲመጡ ታዲያ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ክረምቱን አፍሪካ አሳልፈው ወደ ሰሜን የሚመለሱ ናቸው፤ አገር ቤትም የሚከርሙ አሉ። በማለዳ አትጠብቋቸው። እንዲህ ያሉ ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ እየተሽከረከሩ ወጥተው ነው የሚንሳፈፉት። መሬቱ እስኪሞቅ ቡና ጠጡ። ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይገኝ ውኃውን ዞረው በየብስ ያልፋሉ፤ እኛ ደግሞ መንገዱ ላይ ነን።

ትንንሾቹ ይብሳሉ። ከከተማው ዳር፣ ድሮ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ቦታ ዛሬ የወፎች መጠለያ ሆኗል። ወጣቶች በመረብ ይይዟቸውና እግራቸው ላይ ቀለበት ያስራሉ። አንዱ ወፊቱን አንገቷን በሁለት ጣቱ መሐል አድርጎ ያዘና ሆዷ ላይ እፍ አለ። ላባው ሲከፈት ከቆዳው ሥር ቢጫ ስብ መታየት ነበረበት፤ ምንም የለም። ሰሃራን ስታቋርጥ ጨርሳዋለች። ሚዛኑ 7 ግራም አለ። ቀኑ ያልደረሰ ሕፃን ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ።

ያን ዕለት እንዲያ አይቼ እንኳ፣ ስወጣ አንዷን በስልኬ ፎቶ ላነሳ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ተከታተልኳት። ከእኛው ልጆች አንዱ «እማማ፣ ይተዋት፣ ምሳዋን ትብላ» አለኝ። አፈርኩ። እናንተ ከማፈራችሁ በፊት ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

ሽመላን ደግሞ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ልጅ ሳለን ጎንደር ውስጥ ሽመላ ስናይ፣ ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ እያልን በዜማ እንጠይቀው ነበር። ባለፈው ማርች አንድ የሽመላ መንጋ ማዶ ዮርዳኖስ ውስጥ ካሉት ከአቃባ ተራሮች በላይ ታየኝ። መጀመሪያ ዝንብ መስሎኝ ነበር። ሲጠማዘዙ ነጩ ብልጭ አለ። እስከ 300 ቆጠርኩና ተውኩት። ደብተሬ ላይ የዚያ ቀን ገጽ ባዶ ነው።